ያላነበብኩልሽ መስመር

ውድ ጎረቤቴ፣

እስከ ዛሬ ለማንም ያልነገርኩትን አስቀድሜ ልናገርና ይውጣልኝ፦ እኔ ቤት ተቀምጠን ድራማ ባየንባቸው በእነዚያ ዓመታት፣ ካነበብኩልሽ ግማሹ የራሴ ፈጠራ ነበር።

ፊደል የቆጠርኩት ካገባሁ በኋላ፣ ብቻዬን፣ ዕቃ ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ላይ እንደሆነ ታውቂያለሽ። ስለዚህም ኩራቴ ከንባቤ ይበልጥ ነበር። የውጭ አገሩ ድራማ ሊጀመር ሲል በርጩማሽንና የደንበኛ ሸሚዝ ይዘሽ ትመጪያለሽ። ዐይንሽ መርፌው ላይ፣ ጆሮሽ እኔ ላይ። አንቺ ፊደል ስላልቆጠርሽ፣ ከምስሉ ሥር የሚያልፈውን የአማርኛ ጽሑፍ ጮክ ብዬ አነብልሻለሁ። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ከሦስታችን ሌላ ሰው በሌለበት ቤት «አስተርጓሚዋ ጉሮሮዋን ጠርጋለች፤ ጸጥታ» ይል ነበር።

ጽሑፉ ግን ሰው አይጠብቅም። ሁለተኛው ቃል ላይ ስደርስ ይጠፋል። የቀረውን ከተዋናዮቹ ፊት እየገመትኩ እሞላዋለሁ። አንቺም «ወይ አፍ ያላት ሴት!» እያልሽ ትስቂያለሽ። አፉ የኔ ነበር።

ያን ምሽት አትረሺውም። በድራማው ውስጥ ኮብልላ የሄደችው ልጅ ተመልሳ እናቷ በር ላይ ቆመች። ያንቺም ልጅ ከዚያ ሹፌር ጋር ሄዳ፣ «ልምጣ ወይ?» ብላ ሰው ልካብሽ ገና መልስ አልሰጠሻትም ነበር። መርፌሽ ቆመ። እናትየዋ ፊቷን ኮስተር አድርጋ አንድ ነገር ተናገረች። ጽሑፉ መጣ፤ ሄደ። አንድም ቃል አልያዝኩም።

«ምን አለቻት?» አልሽኝ።

«‹እኔ ልጅ የለኝም› አለቻት» አልኩሽ።

የዕለቱ ክፍል እዚያው ላይ አበቃ። ክርሽን በጥርስሽ በጥሰሽ፣ «ደግ አደረገች» አልሽና ተነሣሽ። ከወጣሽ በኋላ ባለቤቴ፣ «አንብበሽ ነው ወይስ ገምተሽ?» አለኝ።

«አንብቤ ነዋ» አልኩት።

በዚያው ሳምንት ልጅሽ መጣች። ግድግዳችን አንድ አይደል፣ ስታንኳኳ ሰማሁ። «እማዬ፣ እኔ ነኝ» ስትል ሰማሁ። አንቺም ከውስጥ ሆነሽ «እኔ ልጅ የለኝም» ስትዪ ሰማሁ። የኔን ቃል፣ ልክ እኔ እንዳልኩት አድርገሽ።

በሚቀጥለው ክፍል የድራማዋ ልጅ ከእናቷ ጋር ገበታ ላይ ተቀምጣለች። አንቺ ራስሽን አሞሽ ቀርተሽ ነበር። በርሽ እዚሁ ነበር፤ ግን መጥቼ «ተሳስቻለሁ» ማለት «ማንበብ አልችልም» ማለት ሆኖ ታየኝና ቀረሁ። መሐል ላይ ያመለጠን ነገር ይኖራል፣ ኋላ ታርቀው ይሆናል እያልኩ ራሴን አባበልኩ። የዚያን ጊዜ ቴሌቪዥን አንዴ ያሳየውን አይመልስም፤ ማን ይይዘኛል? አንቺም ብዙ ሳትቆዪ ቤት ለቀቅሽ።

ዘንድሮ የእህቴ ልጅ ኢንተርኔት የሚገባለት ቴሌቪዥን ገዝታ ሰቀለችልኝ። «አክስቴ፣ ከእንግዲህ አንቺ ፕሮግራም አትጠብቂም፤ እሱ ነው አንቺን የሚጠብቅሽ» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ቀን የለው፣ ሰዓት የለው። እሷ ቤት በየክፍሉ አንድ አንድ አላቸው። ባል ኳሱን፣ ልጆች ካርቱናቸውን፣ በየበራቸው ተዘግተው ያያሉ፤ እራት ሲቀርብ በስልክ ይጠራራሉ። እኔም ብቻዬን ነው የማየው። ጮክ ብዬ የማነብለት ሰው የለኝም። ጽሑፉ ሲያመልጠኝ አቆመዋለሁ፤ የሰውየው አፍ እንደተከፈተ ቆሞ ይጠብቀኛል። ማንበብ የለመድኩት እውነቱን ለመናገር አሁን ነው።

አንድ ቀን ያ ድራማችን ከነሙሉ ክፍሉ ብቅ አለ። ሪሞቱን መሳቢያ ውስጥ ከትቼ ሰነበትኩ። ኋላ ግን አላስቻለኝም። ልጅቷ በሩ ላይ ስትደርስ አቆምኩት። ጽሑፉ እንዲህ ይላል፦

«ግቢ። በሩን ቆልፌው አላውቅም።»

ደግሜ ደጋግሜ አነበብኩት። እዚያው እንደተቀመጥኩ፣ ቴሌቪዥኑ ሰው የሌለ መስሎት የባሕርና የተራራ ፎቶ ማሳየት ጀመረ።

ከዚህ የባሰም አለ። ጽሑፉን አለመያዜ አለማወቅ ነው። ባዶውን የምሞላበት ቃል ግን ሞልቶ ነበር፤ ያንን ለምን መረጥኩ? ልጅሽ ከተመለሰች በርጩማሽን ይዘሽ የምትመጪበት ምሽት እንደሚቀር ስለማውቅ ይመስለኛል። ልጅ የሌለኝ እኔ ነበርኩ።

ልጅሽን አፈላልጌ አገኘኋት። መድኃኒት ቤት ትሠራለች፤ የዕቃ ማሰሪያ ክር ስትበጥስ እንደ አንቺ በጥርሷ ነው። አሁን ያለሽበትንም ቤት ታውቃለች። ምንም አልነገርኳትም። «ለእናትሽ የምታነቢላት ደብዳቤ እጽፋለሁ» ብቻ አልኳት።

«እትዬ፣ ካልከፈተችልኝስ?» አለችኝ።

«ደጁ ላይ ቆመሽ አንብቢላት። ሥራ ላይ ብትሆንም ጆሮዋ ይሰማል።»

ሳትጨምሪ፣ ሳትቀንሺ ብዬ አደራ ብያታለሁ። እሷንም በድያለሁና ይህንንም መስመር ሳትዘል ታንብበው።

እነዚህን ገጾች የምታነብልሽ እንግዲህ ልጅሽ ናት። ይህን ስትሰሚ በርሽ ላይ ቆማለች። ምን እንደምትያት ግን እኔ አልሞላልሽም።

የግድግዳ ጎረቤትሽ