የአባትሽ ኮትና ቡችሎቹ

ልጄ፣ በወጣሽበት ሁሉ ደግ ሰው ይግጠምሽ፣ ክፉ አይንካብኝ። እኛ ደህና ነን። አባትሽም ኮት ከማጣቱ በቀር ደህና ነው።

ከቤታችን ጀርባ አንዲት ወጣት የእንስሳት ሐኪም የተጣሉ ውሾች መጠለያ ከፍታለች። ጨርቅ ለግሱኝ ስትል፣ እኔ መቼም ሰው ፊት ማፈር አልወድ፣ ፎጣውን ሁሉ አጥቤ፣ ተኩሼ፣ አጣጥፌ ወሰድኩላት። አሸተተችውና «እማማ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ግን ቡችሎቹ ሰው እንዲለምዱ ጠረን ያለው፣ ያልታጠበ ልብስ ይሻላቸዋል» አትለኝም? ጉድ እኮ ነው! ቆሻሻ ልብስ በስጦታ!

ታዲያ ከአባትሽ ኮት የባሰ ከየት ይመጣል? ልጠበው ባልኩት ቁጥር «ይሳሳብኛል» እያለ ስንት ዘመን ተሟገተኝ። ገላውን ሲታጠብ ይዤው ወጣሁ።

ሲያውቅ ቤቱን በአንድ እግሩ አቆመው። ሊያስመልስ ሲሮጥ ተከተልኩት። ቡችሎቹ ኮቱ ላይ ተኝተዋል። አባትሽን ገና ሲያሸቱት ተንጋግተው ጉልበቱ ላይ ወጡ። እኔን ሳሙና ሳሙና የምሸተዋን አንዱም ዞር ብሎ አላየኝ! ኮቱን ትቶላቸው በሸሚዝ እየተንቀጠቀጠ ተመለሰ። አሁን በየቀኑ «ኮቴን አይቼ ልምጣ» ይላል።

ያንቺን ሹራብ ግን አልሰጠኋቸውም። ቁም ሳጥን ውስጥ አለ፤ ጠረንሽ ግን እየለቀቀው ነው።

ጤናሽን ይስጥሽ፣ እንጀራሽን ያስፋልሽ፣ ዓይንሽን ለማየት ያብቃኝ። አዲስ ነገር እንዳትገዢልኝ። አንገትሽ ላይ የከረመ ሻርፕ ካለሽ እሱን ላኪልኝ። አደራ ልጄ፣ ሳታጥቢው።

እናትሽ