ሚኒስትሯ ብቻዋን አትቀመጥም

ማርች 7፣ ቅዳሜ
ዝናብ። ቁርስ፦ ዳቦ በቸኮሌት ፍርፋሪ። የብስክሌቴ ጎማ እንደተነፈሰ ነው፤ ዛሬም አልለጠፍኩትም።
ከሰዓት በኋላ ዶሮዎቹን ልመግብ ስወጣ ብርቱካን የምንላት ዶሯችን ጥግ ላይ ተኝታ ሞታለች። አልደማችም፣ ማንም አልበላትም። አርጅታ ነበር። አባዬ አጥሩ ሥር ቀበራት።
አሁን የቀረችው ሚኒስትሯ ብቻ። ስሙን ያወጣችላት እህቴ ፌና ናት። አናቷ ላይ እንደ ጎፈሬ የተከመረ ነጭ ጉትዬ አላት፤ ዓይኗን ይጋርደዋል። "ፀጉሯ ከሥራዋ ይበልጣል፤ ሚኒስትር ናት" ትል ነበር።
ፌና ኖቬምበር ላይ ሞተች። ይህን እስከ ዛሬ ጽፌው አላውቅም። ጻፍኩት።
እራት ላይ አባዬ፦ "ዮሪት፣ ዶሮ ብቻዋን አትኖርም። ልጆች እንስሳት የሚያዩበት ግቢ አለ አይደል? እዚያ ብንሰጣትስ?"
"ጓደኛ እፈልግላታለሁ።"
"እስከ ኤፕሪል መጨረሻ። ከዚያ በኋላ ልቅሶ አልሰማም።"
እማዬ ድንቹን በሹካ ፈጨችው።

ማርች 8
መጸዳጃ ቤት የተሰቀለው፣ የዘመድ ጎረቤቱን ልደት የምንጽፍበት ካላንደር አሁንም ኖቬምበር ላይ ነው። አራት ወር ሙሉ ሁላችንም ፊቱ እየተቀመጥን... ማንም አልገለጠውም። እኔም።

ማርች 14፣ ቅዳሜ
ገበያ! ሁለት ቀያይ ዶሮዎች ገዛሁ፤ ሮድ አይላንድ የሚባሉ። የሚያብረቀርቁ፣ ደረታቸውን የነፉ።
"እነዚህ?" አለ ሻጩ። "ከእንቁላሉ ብዛት እናትህ ኬክ ቤት ትከፍታለች።"
በካርቶን አድርጌ ብስክሌቱ ላይ ጫንኳቸው (ጎማውን ለጠፍኩት፣ በመጨረሻ)። መንገዱን ሙሉ ተሳደቡ። ወዲያው ከሚኒስትሯ ጋር አስገባኋቸው። ተያዩ። ማለቴ... እነሱ አዩዋት። እሷ ምን ታያለች?
ቀላል ነበር እኮ።

ማርች 16
ቀላል አልነበረም። ከትምህርት ቤት ስመለስ ሚኒስትሯ የዶሮ ቤቱ መሰላል ሥር ተወሽቃለች። ግማሹን ጉትዬዋን ነጭተውታል። ደም አለ። ቀያዮቹ መኖው ላይ ቆመው በሰላም ይበላሉ።
ይዣት ገባሁና ካልሲ የምናጥብበት ክፍል ውስጥ አስቀመጥኳት። አባዬ አያት። "እስከ ኤፕሪል" አላለም። ባይለውም ሰማሁት።

ማርች 17
ከአጥሩ ወዲያ ወዳሉት ሽማግሌ፣ ወደ አቶ ሉበርት ሄድኩ። አርባ ዓመት ዶሮ ለውድድር ያቀረቡ ሰው ናቸው። ሻይ ቀዱልኝ፣ አንድ ብስኩት ሰጡኝ፣ የብስኩቱን ቆርቆሮ ከደኑ።
"ቀያዮቹን ማን መረጠልህ?"
"እኔ ነኝ።"
"በምን?"
"በእንቁላላቸው።"
"ጉድ ነው! ሚስት ስትፈልግም ኦምሌት ጥበሺ ነው የምትለው?"
ጆሮዬ ድረስ ቀላሁ። እሳቸው ሳቁ፤ ከዚያ ኮስተር አሉ።
"ስማ ልጄ። የናንተዋ ከላይም ከጎንም አታይም። ማን እንደመጣባት ሳታውቅ ትነቆራለች። ለቀይ ዶሮ ደግሞ ያ ጉትዬ መጫወቻ ነው። ቀያዮቹ ክፉ አይደሉም፤ ከእሷ ጋር አይሆኑም፣ በቃ። መጀመሪያ ፀባይ። ቀለምና እንቁላል በኋላ።"
"አሁን ምን ላድርጋቸው?"
"አምጣቸው። የኔዎቹ ልክ ያስገቧቸዋል።"
ማታውኑ በካርቶን ወሰድኩላቸው። ሁለተኛ ብስኩት ግን የለም።

ማርች 21፣ ቅዳሜ
የፌናን የመኖ በርሜል አጠብኩ። እሷ ከሄደች ወዲህ አልከፈትኩትም ነበር፤ ከከረጢቱ ነው የምመግበው። ክዳኑን ስገለብጠው... የእሷ ጽሑፍ። በማይለቅ ቀለም። ልታመጣቸው ያሰበቻቸውን ዝርያዎች በሙሉ ጽፋለች።
"ሮድ አይላንድ፦ ቆንጆ፣ ጉልበተኛ። ከሚኒስትሯ ጋር በፍጹም!!!"
እሺ። እሺ፣ ገባኝ።
"ሌግሆርን፦ ድንጉጥ። እንደ እማዬ ሰኞ ጠዋት።" "ብራህማ፦ ግዙፍ፣ የዋህ፤ ቦታ የለንም።" "ፋቨሮል፦ ጺማም፣ ከማንም አትጣላም።" ታች ላይ ደግሞ "ሐር ላባ፦ ልክ እንደ ዮሪት። ትጮሃለች እንጂ አትነካም።"
ሳቅሁ። ድምፅ አውጥቼ። ከዚያ በርሜሉ ላይ ተቀምጬ ትንሽ አለቀስኩ። ከዚያ ደግሞ ሳቅሁ። ሚኒስትሯ የጫማዬን ማሰሪያ ትል መስሏት ትጎትታለች።

ማርች 28፣ ቅዳሜ
አቶ ሉበርት የሚያውቋቸው ሴትዮ ጋ በመኪናቸው ወሰዱኝ። አንድ ፋቨሮል፣ አንድ ሐር ላባ። ፋቨሮሏን ቄስ አልኳት፣ ለጺሟ። ሐር ላባዋን ዮሪት ማለት አልፈለግሁም... ትራስ አልኳት።
"ለብቻቸው፣ በሽቦ ማዶ" አሉ ሽማግሌው። "ሁለት ሳምንት ይተያዩ። በሽታ እንዳለባቸውም እናያለን። እንደ ባለፈው በአንዴ ብታስገባቸው ጆሮህን ነው የምነቁረው።"

ኤፕሪል 4፣ ቅዳሜ
የሚኒስትሯ ቁስል ድኗል። አዲስ ላባ እንደ እሾህ ብቅ ብቅ ብሏል። ግን ከሽቦው ማዶ ያሉትን አታያቸውም፤ ትራስ ስትጮህ ወደ ባዶው ግድግዳ ትዞራለች።
ኩሽና ውስጥ ጉትዬዋን በእጄ ሰብስቤ ይዤ "እንዲህ ቢታሰርላትኮ..." አልኩ። ለራሴ ነበር። እማዬ ሰሃኗን አስቀመጠችና ወጣች። ደረጃው ሲንቋቋ ሰማሁ። የፌና ክፍል በር ሲከፈት ሰማሁ።
ስትመለስ እጇ ላይ አረንጓዴ የፀጉር ላስቲክ።
"ጥብቅ አታድርገው" አለች። "ፌናም ጥብቅ አትወድም ነበር።"
ሁለታችን አሰርነው። ሚኒስትሯ ቀጥ ብላ ቆመች። ግራ አየች። ቀኝ አየች። እማዬን አየች። እማዬ "ምነው፣ አታውቂኝም?" አለቻትና ሳቀች። እማዬ ሳቀች!

ኤፕሪል 11
ሽቦውን አነሳሁት። ሰላጣ በተንኩ። ቄስ ተጠጋች፣ ሚኒስትሯ አንዴ ነቆረቻት፣ ቄስ ይቅርታ የጠየቀች መሰለች... አለቀ። ጠብ ይኸው ነው? አቶ ሉበርት ከአጥሩ ማዶ፦ "ትንፋሽህን ልቀቀው ልጄ፣ ፊትህ ሰማያዊ እየሆነ ነው።"

ኤፕሪል 12
ትራስ መብረር ስለማትችል መሬት ላይ ነው የምትተኛው። ዛሬ ጠዋት ስከፍት ሚኒስትሯ ከቆጧ ወርዳ አጠገቧ ተኝታለች።

ኤፕሪል 19፣ እሁድ
የፌና ልደት። ሃያ ይሞላት ነበር። ጠዋት ቁርስ ላይ ነን። ቢላዋ ዳቦ ላይ ሲሄድ ብቻ ይሰማል።
በሩ ተንኳኳ። አቶ ሉበርት፣ ክራባት አስረው፣ አበባ ይዘው። እዚህ ልደት ቤት የገባ ሰው እንደሚያደርገው የሁላችንንም እጅ እየጨበጡ፦ ለእማዬ "እንኳን ለልጅሽ ልደት አደረሰሽ"፣ ለአባዬ "እንኳን ለልጅህ"፣ ለእኔ "እንኳን ለእህትህ..." እዚያ ላይ ቆሙ። ፊታቸው አመድ መሰለ።
"ይቅር በሉኝ። የኔም ካላንደር ላይ አለች። ጠዋት መጸዳጃ ቤት አየሁትና... እግሬ ነው ያመጣኝ።"
እማዬ አበባውን ተቀበለቻቸው።
"አመሰግናለሁ" አለች። "ይቀመጡ እንጂ። ልደት ነው።"
አባዬ ወንበሮቹን ወደ ጓሮ አወጣ፣ እንደ ወጉ ክብ አድርጎ ደረደረ። ኬክ የለም።
"ሦስት ዶሮ ይዛችሁ ኬክ ማጣት!" አሉ አቶ ሉበርት። እማዬ ገብታ በእንቁላላቸው ጋገረች። እስኪበስል ሦስቱ ዶሮዎች ክቡ መሃል ይንጎራደዳሉ፤ ሚኒስትሯ ከፊት፣ በአረንጓዴ ላስቲኳ።
"ለዚያ ለእንስሳቱ ግቢ ሰዎች ደወልኩላቸው" አለ አባዬ፣ ዶሮዎቹን እያየ። ትራስን አንስቼ አቀፍኳት። "አንሰጥም አልኳቸው።"
አቶ ሉበርት ሁለት ቁራጭ ኬክ በሉ። በሰው ቤት ሁለት ይቻላል ማለት ነው።
ሲሄዱ መጸዳጃ ቤት ገባሁ። ካላንደሩ ኤፕሪል ላይ ነው። ማን እንደገለጠው አልጠየቅኩም። 19 ላይ የእሷ ጽሑፍ፣ አይቼው የረሳሁት፦ "እኔ!!! ስጦታ፦ ዶሮ።"
ዘንድሮ ሁለት አመጣሁልሽ።