የአቶ ዘርጋ እንሰትና የእኛ መንገድ

ሐሙስ፣ መጋቢት 4

አበላሸሁት። ምላሴን በቆረጠው! አቶ ዘርጋን ሰው በተሰበሰበበት «ለወረዳ ገዥው ነግሬ እንሰቱን አስነቅለዋለሁ» አልኳቸው። ሽማግሌው ከዘራቸውን ተመርኩዘው አዩኝና «አንተ ሐኪም ነህ ወይስ ጭቃ ሹም?» ብለው ጥለውኝ ሄዱ። ሰው ሁሉ መሬት መሬቱን አየ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የመንደሩ ሰው ከጤና ጣቢያዬ ደጅ ጀምሮ ቁልቁል ወደ አገና ከተማ እስከሚወስደው ዋና መንገድ ድረስ በዶማና በአካፋ መንገድ ቆፍሯል። ሁለት በጋ ፈጀ። የቀረው መጋጠሚያው ላይ አርባ እርምጃ ነው፤ እሱ ደግሞ የአቶ ዘርጋ የእንሰት ማሳ ነው። ባንድ በኩል ገደል፣ ባንድ በኩል አለት፤ ማለፊያ የለም። እና ያማረ መንገድ አለን፣ መኪና ግን አይገባበትም።

የተቆጣሁትም በከንቱ አይደለም። ብርቄ የምትባል የመንደሩ እርጉዝ አለች፤ ወሯ ገብቷል። አምና በምጥ ተይዛ በቃሬዛ ስናወርዳት አገና ሳንደርስ ልጁ ሞተባት። የቃሬዛውን አንዱን ጫፍ ይዤ የነበርኩት እኔ ነኝ።

ዓርብ፣ መጋቢት 5

ብርቄን መረመርኳት። ልጁ አግድም ተኝቷል። እኔ ድሬሰር ነኝ፤ ቁስል አጥባለሁ፣ መርፌ እወጋለሁ፣ ይህ ግን ቀዶ ጥገና የሚፈልግ ነገር ነው። ሆስፒታሉ ያለው ወደ ወልቂጤ ነው። እስከ አገና በቃሬዛ ግማሽ ቀን፣ ከዚያ መኪና ከተገኘ።

«አሁኑኑ ሂጂና እዚያው ጠብቂ» አልኳት። «የት አድሬ? ባሌ መርካቶ ነው፤ ወልቂጤ ማን አለኝ?» አለችኝ። ቀጥላም «ሁለተኛ ቃሬዛ ላይ አልተኛም» አለች። አልተከራከርኳትም። በምን አፌ?

ሙስጠፋ የሚባል የቡታጅራ ሰው አለ፤ በላንድሮቨሩ ከወልቂጤ አገና ሰው ያመላልሳል። «መጋጠሚያውን ክፈቱልኝ እንጂ ወላሂ ደጅህ ድረስ እመጣለሁ» ብሎኛል። አርባ እርምጃ! እንቅልፍ የሚነሳኝ ይኼ ነው።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 6

ሁለት ሽማግሌ ይዤ አቶ ዘርጋ ቤት ይቅርታ ልጠይቅ ሄድኩ። መጀመሪያ ቀና ብለውም አላዩኝ። ኋላ ግን ተናገሩ። ለካ የቆጫቸው መሬቱ አይደለም። አምና የመንገዱ ቀያሽ ሲመጣ፣ ማዶውን ለማየት ብሎ፣ ሳይጠይቃቸው አንድ የደረሰ እንሰት በቆንጨራ ቆርጦ ጥሏል። «ስድስት ዓመት ያሳደግኩትን! ይቅርታ ያለኝ ሰው የለም። አንተ ደግሞ ይባስ ብለህ በገዥ ታስፈራራኛለህ።»

እኔ የደብረ ብርሃን ልጅ፣ የሰው እንሰት መቁረጥ ምን ማለት እንደሆነ ከየት ልወቅ! ተነስቼ ጉልበታቸውን ሳምኩ። አንዴ ስለ ቀያሹ፣ አንዴ ስለ ራሴ።

ይኼኔ ባለቤታቸው እትዬ አስካለ ከጓዳ ብቅ ብለው «ይኼ ሰውዬ እያንዳንዷን እንሰት በገዛ እጁ ሦስት ጊዜ ነቅሎ አዛውሯታል፤ አሁን አንዴ ቢጨምር ምን ትሆናለች?» አሉ። ሽማግሌዎቹ ሳቃቸው አመለጣቸው። ጉድ እኮ ነው፤ እንሰት የሚያድገው ከቦታ ቦታ እየተዛወረ ነው! መንደሩ በሙሉ ያውቃል። ግን ባለቤቱ እንደተቀየመ ማን ደፍሮ አፉን ይክፈት?

አቶ ዘርጋ ጺማቸውን አሹና «እኔ በምለው ቦታ፣ እኔ በምለው መስመር ከሆነ» አሉ። እሰይ! ሲመሽ ብርቄን እንዲወስድልኝ ለሙስጠፋ መልእክት ላክሁ።

ሰኞ፣ መጋቢት 8

ወገቤ ሊበጠስ ነው፤ እስክሪብቶ መያዝም አቃተኝ። ግን ልጻፈው። ሙስጠፋም «ማክሰኞ ጠዋት፣ ኢንሻአላህ» የሚል መልስ ልኳል።

ጾም ነው ብሎ የቀረ የለም። ገና ፀሐይ ሳትወጣ ማሳው በሰው ተሞላ። ታዳጊዎቹን እንሰቶች ከነሥራቸው እየነቀልን፣ ቅጠላቸውን እየከረከምን፣ ከቤቱ ጀርባ በተቆፈረው ጉድጓድ ተከልን። አቶ ዘርጋ እንደ ጦር አዛዥ ከወዲያ ወዲህ ይላሉ፤ «ጠማማ! ንቀለው! እንደገና!» እኔን ሦስቴ አስነቀሉኝ። በቀል ይመስለኛል፤ ይገባኛል። የደረሱትን ሴቶቹ ለቆጮ ሊፍቁ ወሰዱ። ልርዳ ብዬ ብጠጋ «ወንድ እዚህ ምን ይሠራል!» ብለው አባረሩኝ።

ከቀትር በኋላ አፈሩን ደለደልን፣ ድንጋይ አነጠፍን። ጀንበር ሳትጠልቅ አርባው እርምጃ መንገድ ሆነ። አቶ ዘርጋ ራሳቸው ከጫፍ እስከ ጫፍ ተራመዱበትና ወደ ቤታቸው ገቡ። ዓይናቸውን በጋቢያቸው ሲጠርጉ ግን አይቻለሁ።

ረቡዕ፣ መጋቢት 10፣ ከሆስፒታሉ ግቢ

ትናንት ጎህ ሲቀድ ጠሩኝ፤ ብርቄ ምጥ ይዟታል። ውሃዋ ፈስሷል። ልጁ አሁንም አግድም ነው። ሙስጠፋ ደግሞ ይምጣ አይምጣ አላውቅም። ጎማ ቢፈነዳስ? ቢረሳስ? መጠበቅ አልቻልኩም፤ «ቃሬዛ አምጡ» አልኩ። ብርቄ እጄን ጨምድዳ «አይሆንም» አለች። ምጡ ሲበረታባት ግን እሺ አለች። ተሸክመን ወጣን። አንዱን ጫፍ ያዝኩ። አምና ልጁ የሞተበት ቦታ ስንደርስ እርምጃዬን አፈጠንኩ።

ክላክስ ተሰማ!

ሁላችንም ቆምን። አቧራ እያስነሳ፣ እኛው በቆፈርነው መንገድ፣ የሙስጠፋ ላንድሮቨር ወደ ላይ ይመጣል! ተሸካሚዎቹ ጮኹ፣ ከየቤቱ እልልታ ተነሳ። ሙስጠፋ ሲወርድ «አልሐምዱሊላህ፣ ግቡ፣ ግቡ!» ነው ያለው። ከኋላ ወንበር አስተኛናት። መጋጠሚያው ላይ አቶ ዘርጋ ቆመዋል፤ መኪናው ሲያልፍ ባርኔጣቸውን አነሱ።

ሆስፒታል ስንደርስ ገና ረፋድ ነበር። አምና በዚህ ሰዓት ገና ቁልቁለቱን እየወረድን ነበር። ወዲያው አስገቧት። እኔ ኮሪደሩ ላይ ወዲህ ወዲያ እላለሁ፤ ሙስጠፋ ሥራውን ትቶ አጠገቤ ተቀምጦ መቁጠሪያውን ይቆጥራል።

ዶክተሩ ወጣ። «አንተ ነህ ያመጣሃት?» አለኝ። ነኝ ማለት አቃተኝ፤ ስንት ሰው ነው ያመጣት! «ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ ሁለቱንም እናጣቸው ነበር» አለ።

ሴት ልጅ ናት። ዛሬ ጠዋት ገብቼ አየኋቸው፤ ብርቄ ልጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ተኝታለች፣ ልጅቷ ታለቅሳለች። እንዲህ ያለ ልቅሶ ሰምቼ አላውቅም። ሙስጠፋን አቅፌ እንደ ሕፃን አለቀስኩ፤ አላፍርም።

እናትየዋ አለች። ልጅቷም አለች። ደግሜ ልጻፈው፤ ሁለቱም አሉ።