ሁለት ሺህ ሦስት መቶ ክር ላስቆረጡት ሰብሳቢ

ለክቡር አቶ ዌንደል ክሮፍት
የሃቨርሎ ወረዳ አስተዳደር ቦርድ ሰብሳቢ
ነብራስካ

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ ሙሉ ጤንነት፣ ለቤተሰብዎ ሰላም፣ ለበቆሎዎም በረዶ የማይነካው መኸር እመኛለሁ። መቀስ የያዘችው ቀኝ እጅዎም ከቁርጥማት የራቀች ትሁን፤ የዛሬ ሁለት ሳምንት ማክሰኞ ብዙ ደክማለችና።

እኔ ቬርና ሆፍነር የምባል የሰባ አራት ዓመት ሴት፣ በአሮጌው ትምህርት ቤት ውስጥ ያለውን የወረዳችንን የታሪክ ሙዚየም በነፃ ከሚያገለግሉት ስድስት ሰዎች አንዷ ነኝ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ በር እንከፍታለን፣ አቧራ እንጠርጋለን፣ ጣሪያው ሲያፈስ ባልዲ እንደቅናለን። ክቡርነትዎ በሃያ ሁለት የሰብሳቢነት ዓመትዎ አንድ ቀን እንኳ ደጃችንን ረግጠው ስለማያውቁ፣ የግዛታችን ገዥ ሊጎበኙን ነው ሲባል ድንገት ያደረብዎ የታሪክ ፍቅር እንባችንን አምጥቶታል። ምስጋናዬን እንዳይምታታብዎ በቁጥር አስቀምጣለሁ።

አንደኛ፣ ስለመረጡት ቀን አመሰግናለሁ። የዚያን ዕለት ቀብር ስለነበር ስድስታችንም በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ለሐዘንተኞች ምሳ እናሰናዳ ነበር። በዚህ አገር ለቀብር የድንች ሰላጣ የሚሠሩትና ሙዚየም የሚጠብቁት ያው ሰዎች መሆናቸውን እርስዎም አያጡትም። ሁለት የመንገድ ሠራተኞች አስከትለው፣ ቁልፉን ከጽሕፈት ቤት አስወጥተው፣ ኮሽታ ሳያሰሙ ሥራዎን ፈጸሙ። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት የሚል ባለሥልጣን በዚህ ዘመን ብርቅ ነው።

ሁለተኛ፣ በየዕቃው ላይ በክር ታስረው የነበሩትን ወረቀቶች «የአሮጌ ዕቃ ገበያ ያስመስሉታል» ብለው፣ ራስዎም መቀስ ይዘው፣ አንድ በአንድ ስላስቆረጡልን አመሰግናለሁ። ወረቀቶቹን የጻፈችው ጡረተኛዋ መምህርት አርዲዝ ኮቫንዳ ናት። ደንቧ አንድ ነው፤ ዕቃ ያመጣውን ሰው ወንበር ላይ ታስቀምጠውና ያለውን ቃል በቃል ትጽፋለች፣ ሳታርም፣ ሳታሳምር። ኮርቻው ላይ «አባቴ ከአጎቴ በቁማር ያገኘው ነው፤ አጎቴ ግን እስኪሞት ድረስ ተሰረቅሁ ይል ነበር» ይላል። ጭልፋው ላይ «የአክስቴ ነው፤ እሷ ደግ ነበረች፣ ሾርባዋ ግን አይቀመስም» ይላል። ይል ነበር ልበል እንጂ! አሁንማ ኮርቻው ኮርቻ ብቻ፣ ጭልፋውም ጭልፋ ብቻ ሆኖ ቀርቷል።

ሦስተኛ፣ በቁጣ ቢሮዎ ድረስ ስንመጣ «ምን ያስጮኻችኋል? አንድም ወረቀት አልጠፋም፤ ሁሉም ጆንያ ውስጥ ነው፣ መልሳችሁ እሰሩት» ስላሉን አመሰግናለሁ። እውነትዎን ነው፣ አልጠፋም። ሁለት ሺህ ሦስት መቶ ወረቀት በአንድ የድንች ጆንያ! ወረቀቱ ከዕቃው ጋር ታስሮ ስለሚኖር አርዲዝ የዕቃውን ስም አትጽፍም ነበር። ይህ የእኛ ጥፋት ነው፤ መቀስ የያዘ ሰብሳቢ ይመጣብናል ብለን አላሰብንም። አርዲዝ እጇን ጆንያው ውስጥ ሰድዳ የመጀመሪያውን አወጣች። «የእናቴ ነው፤ እባካችሁ አትጣሉት» ይላል። ምኑ? መጥበሻው? ማበጠሪያው? ምርኩዙ? አርባ ዓመት የሰው ልጅ ስታስተምር እንባዋን ያላየንባት ሴት እዚያው ወለሉ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች።

አራተኛውን ያለ ምፀት ብጽፈው ይቅር ይበሉኝ፤ አንጀቴ ስላረረ ነው። እናቴ ኤልሳ ዘጠና ስድስት ዓመቷ ነው፤ ዓይኗ ማየት ካቆመ ቆይቷል። በ1949ኙ የበረዶ ክረምት መንገዱ ሁሉ ተዘግቶ ሐኪም ሳይደርስላት የአሥራ አንድ ወር ልጇ ሎሬታ በሳንባ ምች ሞተችባት። ሕፃኗ ፎቶ እንኳ አልተነሳችም። የቀረው አንድ ጥንድ ነጭ ጫማ ነው፤ እሱንም እናቴ «ቤት ይቃጠላል፣ እኔም እሞታለሁ፤ እዚህ ግን ስሟ ይኖራል» ብላ ለሙዚየሙ ሰጠች። በየዓመቱ በሎሬታ ልደት ሰሞን ትመጣና ጫማውን ጭኗ ላይ አድርጋ ጥቂት ተቀምጣ ትሄዳለች።

ባለፈው እሑድም መጣች። መደርደሪያው ላይ ሦስት ጥንድ ነጭ የሕፃን ጫማ አለ፤ ሁሉም ከአንድ ሱቅ የተገዛ፣ ልኩም አንድ። ሦስቱንም ደባበሰችና «ቬርናዬ፣ የሎሬታ የቱ ነው?» አለችኝ። ከሦስቱ የአንዱ ባለቤት፣ ዛሬ መቶ ሠላሳ ኪሎ የሚመዝነው ሥጋ ሻጩ ኦርቪል፣ እዚያው ቆሞ ነበር፤ እሱም የራሱን መለየት አቃተው። ነገሩን ስነግራት እናቴ ሦስቱንም ጥንድ ሰብስባ ታቀፈችና «እንግዲያው ለሦስቱም ላልቅስ፤ የእኔዋ ሳይለቀስላት እንዳትቀር» አለች። ኦርቪል «እማማ፣ የኔን ይተዉት፤ እኔ እኮ አልሞትኩም» ብሎ ሊያስቃት ሞከረና ራሱ ተንሰቀሰቀ።

ስለዚህ ክቡርነትዎን የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው። እናቴ በየማለዳው «ተገኘ ወይ?» ትለኛለች። እኔ አልተገኘም፣ አይገኝምም ብዬ ልነግራት አልችልም። የቆረጡት እርስዎ ነዎትና እርስዎ ይንገሯት። የምትኖርበት የአረጋውያን ቤት በየቀኑ እንግዳ ይቀበላል፤ ቀጠሮም አይጠይቅም።

የጆንያው ጠባቂ፣ ውለታዎን በሕይወት እስካለሁ የማልረሳ፣ ሌላውም እንዲረሳው የማልፈቅድ፣

ታዛዥዎ
ቬርና ሆፍነር

ማስታወሻ፦ ገዥው ሌላ ጉዳይ ገጥሟቸው አልመጡም። ክቡርነትዎ በሩ ላይ ያስመቱት፣ «በዌንደል ክሮፍት ሰብሳቢነት ታደሰ» የሚለው የነሐስ ሰሌዳ ግን በስድስት ብሎን እንደታሰረ አለ። እንኳን ደስ አለዎት፤ በሙዚየማችን ውስጥ የማን እንደሆነ የሚታወቅ ዕቃ አሁን እሱ ብቻ ነው።