ረሃብ የሌለበት ሁዳዴ

ጥር 28

ወንድሜ ዳንኤል ከደብረ ታቦር መጣ። ፋርማሲስት ከሆነ ወዲህ ባዶ እጁን መጥቶ አያውቅም። የዛሬው ሰኞ ሰኞ የሚወጋ መርፌ ነው፤ ለአባዬ ስኳር። ክኒኑ አልበቃ ብሎ ዐይናቸው እየፈዘዘ ነው። ድጓ የሚያስተምር ሰው ዐይኑን ካጣ ምን ይቀረዋል?

"ከምን ተሠራ?" አሉ አባዬ።

አመነታ። "መነሻው... የእንሽላሊት መርዝ ነው።"

ከዚያ አስረዳን። ሩቅ አገር፣ በረሃ ውስጥ፣ በዓመት ጥቂት ጊዜ ብቻ የምትበላ እንሽላሊት አለች አሉ። መርዟ ውስጥ ትንሽ የፕሮቲን ቁራጭ ተገኘ፣ ፔፕታይድ ይሉታል። እኛ ስንበላ አንጀታችን የሚያመነጨውን ይመስላል። ስኳር ሲጨምር ቆሽት ኢንሱሊን እንዲያወጣ ያደርጋል፤ ጨጓራ ምግቡን ቶሎ እንዳይለቅ ያዘገየዋል፤ ለአንጎል ደግሞ "ጠግበሃል" ይለዋል። አሁን በፋብሪካ ስለሚሠራ እንሽላሊት የነካው ነገር የለም።

ኦሪት ጠቅሰው "ርኩስ ነው" ይሉኛል ብዬ ስጠብቅ ሳቁ። "ታዲያ እሷ ምን በደለችኝ? ውጊኝ።"

የካቲት 10

መርፌው ያመጣባቸው ማቅለሽለሽ ቀነሰ። ስኳሩም ወረደ። ለማንበብ መጽሐፉን ከፊታቸው ማራቅ ትተዋል።

ግን ግማሹን እንጀራ ትተው ይነሳሉ። "በቃኝ" ይላሉ። ይችን ቃል ከአባዬ አፍ ሰምቼ አላውቅም ነበር።

የካቲት 17

ሁዳዴ ገባ። ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ስመለስ እናቴ ትዝ አለችኝ... ዘጠኝ ሰዓት ላይ አባዬ ከቅዳሴ ሲገቡ፣ መቋሚያቸውን ግድግዳው ላይ ሲያስደግፉ፣ እሷ ስልጆውንና ተልባውን ስታቀርብ። እኔ ለመጾም ገና ልጅ ነበርኩ። "ብይ" ስትለኝ "አልራበኝም" እላት ነበር። ውሸቴን ነው፣ አንጀቴ ይጮሃል። የአባዬ የመጀመሪያ ጉርሻ የኔ ስለሆነች ነው የምጠብቀው። ሲርባቸው ደግሞ ጨዋታቸው ለብቻው ነበር። እንዴት ይስቁ ነበር! እናቴም እኔም ሆዳችንን ይዘን...

ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ገቡ፣ ሁለት ጎርሰው ተነሱ። ጨዋታ የለም።

የካቲት 24

መርፌውን ይዤ ቀረብኩ።

"ተይው ፀደይ።"

"ምነው አባዬ?"

"አልራበኝም። ሳምንቱን ሙሉ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ቆምኩ፣ ምንም። ሳይርበኝ ብጾም ለእግዚአብሔር ምኑን ሰጠሁ?"

ለታመመ ሰው ቤተ ክርስቲያን ትፈቅዳለች አልኳቸው። "እኔ መች ታመምኩ?" እስከ ፋሲካ አልወጋም አሉ። ዳንኤል በስልክ ለመናቸው። ማንን ሊሰሙ!

መጋቢት 5

ረሃቡ ተመለሰ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ገና ከደጅ "የተልባው ሽታ ከቤተ ክርስቲያን ጎትቶ አመጣኝ" እያሉ ገቡ። አሳቁኝ። እውነቱን ልጻፍ... ደስ አለኝ። የድሮው አባቴ ነበሩ።

ከዚያ ተማሪዎቹ መጡ። አባዬ መጽሐፉን ገለጡ፣ አራቁት፣ አቀረቡት... ዘጉት። "ዛሬ በቃል እንሂድ" አሏቸው። ስኳሩ እንደገና መውጣቱን በመለኪያው አይቼ ለዳንኤል ነገርኩት። ወደ ጓሮ ወጥቼ አለቀስኩ።

መጋቢት 8

ቄስ ይስማውን ለምኜ አመጣኋቸው። የአባዬ ነፍስ አባት ናቸው፤ ድጓ የተማሩት ግን ከአባዬ ነው። አባዬ መስቀላቸውን ሲሳለሙ እሳቸው የአባዬን ጉልበት ሊስሙ ጎንበስ... ሁልጊዜ እንዲህ ይጋጫሉ።

"የኔታ፣ ረሃቡ ጠፋብኝ ነው የሚሉት?"

"መርፌውን ስወጋ ይጠፋል።"

"ምግቡስ?"

"ያኔ ያስጠላኛል። አንድ ጉርሻ መዋጥ ዳገት ነው።"

ቄስ ይስማው ጢማቸውን ዳበሱ። "እንግዲያው ቀኖና ልስጥዎት። መርፌውን ይወጉ። ስድስት ሰዓት ሲሆን ይብሉ። የከበደዎት መብላቱ ከሆነ፣ የእርስዎ ጾም እሱ ይሁን።"

አባዬ ፈገግ አሉ። "ድሮም ዜማው ነው እንጂ የሚያስቸግርዎ፣ ነገሩስ አይጠፋዎትም ነበር።"

እጅጌያቸውን ራሳቸው ሰበሰቡልኝ።

ሚያዝያ 2

ስብሰባ ይዞኝ ከስድስት ሰዓት አለፈ። ሮጬ ገባሁ። ምግቡ እንደተከደነ ነው። አባዬ አጠገቡ ተቀምጠው ድጓውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ያነባሉ። በጣታቸው ሳይከተሉ።

"ሰዓቱ አለፈ እኮ! ምነው ሳይበሉ?"

"ብቻዬን አይወርድልኝም። ስጠብቅሽ ነው።"

ክዳኑን አነሳሁ። ጠቅልለው የመጀመሪያውን ወደኔ ዘረጉ። ስንት ዘመኑ ነው...

"ያኔ ለእናትሽ አልራበኝም እያልሽ ትጠብቂኝ ነበር። ርቦሽ ነበር አይደል?"

ያውቁ ኖሯል።

"በጣም።"

"ዛሬስ?"

"ዛሬም።"

"ደህና። የኔንም አንቺ ተራቢልኝ።"

ጎረስኩ። ከዚያ እሳቸው አማትበው፣ ዐይናቸውን ጨፍነው፣ ጎረሱ።