«በቃኝ» ያልከው ጠግበህ አልነበረም

ሰይዶ፣ የኔ ዓለም፣

አሰላሙ ዓለይኩም ብዬ ልጀምር፤ መልሱን አንተን ሆኜ እኔው እመልሰዋለሁ። ካረፍክ ወዲህ ሁለተኛው ረመዳን አለፈ። አዋሽ እንደተውካት ናት፤ ሙቀቷም፣ የጅቡቲ መኪኖች ጩኸትም። ጎማ ትጠግንበት የነበረውን ጎሚስታ ቤት ለሌላ ሰው አከራየሁት፤ ሾፌሮቹ ግን አሁንም «የአካውንታንቱ ጎሚስታ» እንዳሉት ነው። ሀያታችን ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ሥራ ትፈልጋለች። እኔ ደግሞ ሰሞኑን አንድ ቦታ መቀመጥ አቅቶኛል። ሻይ ጥጄ እረሳዋለሁ፤ በር እከፍትና ለምን እንደከፈትኩት ይጠፋኛል። በሐዘን እንዳይመስልህ፣ አብሽር! በደስታ ነው።

በቅርቡ ከሰመራ ተደወለልን። ሒሳብ ትሠራበት የነበረው የድሮ መሥሪያ ቤትህ ነው። አንተ እምቢ ያልከውን ቦታ ለቤተሰብህ ሊሰጡ ወስነዋል፤ የሠራተኛ ስብሰባ ላይ መጥታችሁ ተቀበሉ አሉን። ምን ልደብቅህ፣ ደስ አለኝ። ቆርቆሯችን ተበሳስቷል፤ ሀያትም ነገ መግቢያ ትፈልጋለች። በሚኒባስ ሄድን። ገዋኔን እስክናልፍ ቦታው ላይ ስለምንሠራው ቤት ለፈለፍኩ፤ መስኮቱ ወዴት እንደሚዞር ሳይቀር። ከሚሌ በኋላ ግን አንተ ትዝ አልከኝ።

ያን ቀን ታስታውሳለህ? የአፋሮቹ ከብት የሚሰማራበትን መሬት ሸንሽነው ለሠራተኛው ሲያድሉ አንተ «በቃኝ» ብለህ ተነሳህ። አለቃህ ማዕድ ላይ ያልክ መስሎት «በሞቴ፣ አንዲት ቦታ ብቻ!» ብሎ ለመነህ። «እንግዲያው ሳትሞትብኝ ልሂድ» ብለህ ወጣህ። ቤት መጥተህ ስትነግረኝ በሳቅ ፈረስኩ፤ ሥራ መልቀቅህ የገባኝ ሳቄ ካለቀ በኋላ ነው። ከዚያማ አዋሽ ገባን፤ ያው ጎማ፣ ያው ሁለት ሸሚዝ፣ ያው ሽሮ። ቬንትሌተር እናምጣ ስልህ አንሶላውን ውኃ ውስጥ ነክረህ ትለብስና «የሚፈልግ ይገዛል፣ የማይፈልግ አይገዛም» ትለኝ ነበር። አንተዬ፣ የምታወራው ስለ ቬንትሌተሩ ይሁን ስለ መንግሥት ግራ ይገባኝ ነበር።

ስብሰባው ላይ ኃላፊው (አዲስ ነው፣ አታውቀውም) አንተን ማወደስ ጀመረ። ደመወዝ አልበቃንም ላሉት ሠራተኞች «ሰይድን እዩ! መሬት ሲሰጠው በቃኝ ያለ፣ ባለው የተብቃቃ፣ ሳያጉረመርም የኖረ» አላቸው። አንተን! ሳያጉረመርም! ወላሂ መጀመሪያ ሳቄ መጣ፤ ቀጥሎ ደሜ ፈላ። ስንቱን የቻልክበትን ኑሮ የሰው አፍ መዝጊያ አደረጉት። ቦታው ነገ የሷ ቤት ነውና ምን ትል ይሆን ብዬ ሀያትን ዞሬ አየኋት። ቀድማኝ ቦርሳዋን አንስታለች።

ተነሳሁ። «ወንድሜ፣ ባሌ በቃኝ ያለው ጠግቦ አይደለም፤ አንገሽግሾት ነው። እነዚህም የሚሉህ ይህንኑ ነው» አልኩት። ከኋላ አንዲት ሴት «እሰይ የኔ እናት!» ስትል ጭብጨባውና ሳቁ ፈነዳ። ኃላፊው ተደናግጦ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «እናቴ፣ በሞቴ ይቀመጡ!» አንተ በወጣህበት በር እኔም እየሳቅሁ ወጣሁ። ቦታውም እዚያው ቀረ።

ይኸው እስካሁን እግሬ አላረፈም። ዝናብ ሲመጣ ቆርቆሮው እንደሚያፈስ አውቃለሁ። በኔ አፍ የተነሳ ሀያት ሥራ ትከለከል ይሆን እያልኩም እባንናለሁ። እሷ ግን አንሶላዋን ውኃ ውስጥ ነክራ እየለበሰች «እማ፣ አርፈሽ ተቀመጪ» እያለች ትስቅብኛለች፤ ሳቋ ቁርጥ ያንተን ነው።

እንግዲህ ቃሌን ስማ። ሰው ቤት በልቼ ጨምሪ ሲሉኝ «ጠገብኩ፣ አልሐምዱሊላህ» እላለሁ። በቃኝ የምትለዋን ቃል ግን ማዕድ ላይ አላባክናትም፤ ያንተ ናት።

ዘይነባህ፣ ከአዋሽ