አባዬ የያዘችው ቡሎን

ለውድ ወንድምዓለሜ ለፑቱሊክ፤

እንዴት ነህ፣ ደህና ነህ ወይ፣ ሊዚስ እንዴት ናት፣ ትንሹ ታሚሲስ አደገ ወይ፣ ያ ሳልህስ ለቀቀህ ወይ? እዚያ ሞንትሪያል በረዶው ቀልጦ ጭቃ ሆኗል አሉ፣ እግርህን እንዳይበርድህ። እኛ ደህና ነን፣ እናታችንም ጉልበቷን ያማታል እንጂ ደህና ነች። ደህና ነን ልበልህ እንጂ ልቤ አልተቀመጠም፣ ትንሽ ጽፌ እነሳለሁ፣ በመስኮት አያለሁ፣ ተመልሼ እቀመጣለሁ፣ ስለዚህ ብዘባርቅ ታገሰኝ፣ ትምህርቴን የት እንዳቆምኩት ታውቃለህ።

ነገሩ የሞተሯ ነገር ነው። ያቺ ትተህልን የሄድካት፣ በረዶ ላይ የምትነዳው ሞተር፣ አባታችን መጨረሻ የሄደባት፣ የጎማ ሰንሰለቷ ጥርሱ አልቆ ጠርዙ ተተልትሎ ነበር። ያኔም እኮ ሰንሰለቱ ነው የተበጠሰበት፣ ትቷት በእግሩ ሲመለስ ነው የባሕሩ በረዶ ተከፍቶ የዋጠው፣ ይኼንንማ ለአንተ ምን እነግርሃለሁ፣ ጎትተህ ያመጣሃት አንተ ነህ። ጃይፒቲ ደግሞ ባለፈው ሳምንት ብድግ ብሎ በረዶው ጫፍ ድረስ፣ ክፍቱ ባሕር ጋ፣ ለአደን ልሂድ አለ። ሥጋ አልቋል፣ እውነቱን ነው፣ ግን ባሌ በዚያ ሰንሰለት ሲሄድ ቆሜ አላይም፣ ሳትቀይረው ከዚህ ቤት ንቅንቅ አትልም አልኩት። «አንቺ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው መካኒክ የሆንሽው» ብሎ ሳቀብኝ፣ ግን እሺ አለ።

ጎረቤታችን ማርኩሲ ቆሻሻ መጣያው ጋ ከጣላት ሞተሩ ላይ ደህና ሰንሰለት ፈቶ ሰጠን። ውጭ ብርዱ ጣት ይቆርጣል፣ ስለዚህ ሞተሯን እየገፋን ወጥ ቤት አስገባናት፣ እናታችን የአጋዘን ቆዳ አነጠፈችላት፣ በጎኗ አጋደምናት፣ እንደ በሽተኛ መሀል ቤት ተኝታ እኛ ዙሪያዋን ሻይ እንጠጣለን። ከሥር ያለውን ሞላ ከነብረቱ የያዙትን ቡሎኖች ፈታን፣ አንዱ ዝጎ ስንት ዘይት ጠጥቶ ነው የወጣው፣ ከዚያ መዘውሩን አውጥተን አሮጌውን መዝዘን ሌላውን አስገባን። እጄ እስካሁን ግሪስ ግሪስ ይሸታል፣ ቂጣው ሳይቀር ግሪስ ግሪስ ብሏል።

መልሰን ስንገጥም አንድ ቡሎን ጠፋ። ብናይ ትንሿ ልጄ አላሹአ ጭብጥ አድርጋ ይዛዋለች። የአባታችንን ስም የተሸከመች ልጅ ናት፣ ስሙን የያዘ ራሱ ነው እንላለን፣ ማን ይቆጣታል? እኔ አባዬ እላታለሁ፣ እናታችን ባሌ ትላታለች፣ ጃይፒቲ አማቴ እያለ አንቱ ይላታል። ተንበርክኮ «አማቴ፣ እባክዎ ቡሎኑን ይስጡኝ» አላት። «የኔ ነው» አለችው። «የርስዎማ ነው፣ ያውሱኝ ብዬ ነው።» «አላውስም።» እናታችን «ባሌ ድሮም ዕቃውን ለሰው አያውስም፣ ስስታም ነበር» ብላ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። እኛም ስቀን ተውነው። የልጅ እጅ ቢሆን ፈልቅቀን እንወስድ ነበር፣ የአባታችንን እጅ እንዴት እንፈልቅቅ። ጃይፒቲ ከአሮጌው አልጋ ቡሎን ፈቶ በእሱ ገጠመው፣ ይይዛል አለ።

ትላንት ጠዋት ሄደ። የሞተሯ ድምፅ ሲርቅ ያ ቡሎን ትዝ አለኝ፣ የአልጋ ቡሎን እኮ ሰው ሲገላበጥበት እንኳ ይላላል። የመነጋገሪያውን ሬዲዮ ከፍቼ ፊቱ ቁጭ አልኩ። ቀትር ላይ ጠራኝና «አልጋሽ ተሰበረ» አለኝ፣ በዚህም ይቀልዳል። ከበረዶው ትልቅ ስንጥቅ ወዲህ ነው የቆመው። «ቡሎኑን ይዛችሁ ትመጣላችሁ ወይስ በእግሬ ልምጣ?» አለኝ። በእግሬ ሲል እንዳትነቃነቅ ብዬ ጮህኩበት።

አላሹአን የት አደረግሽው ብላት ጀርባዋን ሰጠችኝ። ትራሱን ገለበጥን፣ ጫማውን አራገፍን፣ የለም። በመጨረሻ ተንበርክኬ «አባዬ፣ ጃይፒቲ በረዶው ላይ በእግሩ ሊመጣ ነው» አልኳት። ትክ ብላ አየችኝ፣ ከዚያ ከጓንቷ ውስጥ አወጣችና «እኔ ነኝ የምሰጠው» አለች። ምን ላድርግ፣ በቆዳ ጠቅልዬ ታቅፌያት ከማርኩሲ ሞተር ኋላ የሚጎተተው የበረዶ ጋሪ ላይ ወጣን። ስንደርስ ጃይፒቲ ሞተሯን አጋድሞ ከፔርሙዙ ሻይ ይጠጣል። እጁን ዘረጋላት። እሷ ግን ቡሎኑን ደረቷ ላይ ይዛ «ወደ ቤት ነው የምትሄደው?» አለችው። «ወደ ጫፉ ነው አማቴ፣ ሥጋ የለንም።» «እንግዲያው አልሰጥህም።» ማርኩሲ ሳቅ ጀመረና ተወው። ጃይፒቲ ከክፍቱ ባሕር የሚነሳውን ጥቁር እንፋሎት ብዙ አየ፣ እሷንም አየ፣ «እሺ፣ ወደ ቤት» አላት። ሰጠችው። እኔ አላስተማርኳትም ወንድምዓለሜ፣ ፊቴን እንኳ አላየችም።

ትላንት ሄዶ ቢሆን በረዶው ይከፈት አይከፈት ማን ያውቃል። አሁን ትክክለኛው ቡሎን ገብቷል፣ ሰንሰለቱም ጥሩ ነው፣ ጃይፒቲ ደግሞ «አማቴ ትላንት አትሂድ አሉ እንጂ ሁልጊዜ አላሉም» እያለ ሰኞ ሊሄድ ነው። እኔን አይሰማም፣ አንተን ያፍራል። አትሂድ በለው አልልህም፣ መብላት አለብን፣ ብቻ ስልክ ደውልለትና ከማርኩሲ ጋር ሁለት ሞተር ሆናችሁ ሂዱ በለው። ደብዳቤውን ዛሬ ማታ ወደ እናንተ ለሚበር ሰው እሰጠዋለሁ፣ እባክህ ከሰኞ በፊት።

ሊዚን ጉንጯን ሳምልኝ፣ ታሚሲን አቅፈህ አገላብጠህ ሳምልኝ። እናታችን ጓንት እየሰፋችልህ ነው፣ ሰላም በይልኝ ትላለች። ማርኩሲም ሰላም ብሎሃል። ጃይፒቲ እንደምጽፍልህ አያውቅም እንጂ ሰላም ይልህ ነበር። አባዬም ሰላም ትልሃለች፣ «ልጄ ፑቱሊክ እዚያ ማን ያበላዋል?» ብላ ጠየቀችኝ፣ ሊዚ አልኳት። አሁን አጠገቤ ተቀምጣለች፣ ጓንቷ ውስጥ ብረት ይንኳኳል። የሞተሯ ቁልፍ ከሚሰቀልበት ሚስማር ላይ የለም። ጃይፒቲ ገና አላየም፣ እኔም አልነገርኩትም።

እህትህ ሲያሲ
ከኡንጋቫ ባሕር ዳር፣ ከቤታችን
ኤፕሪል፣ ቅዳሜ ከሰዓት